ከሕመም አልጋ የሚሰጥ ምጽዋት

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በምዕራፍ 5 የተጻፈውን የንዕማንን ታሪክ ምእመናን ያውቁታል። ንዕማን የሶርያ ንጉሥ የጦር አለቃ፣ በጌታው ዘንድ የከበረ፣ በጦር ሜዳ ድል የተሰጠው ኃያል ሰው ሲሆን በለምጽ ደዌ ተይዞ ነበር። ሀብቱም ሹመቱም ሊፈውሱት አልቻሉም። የፈውሱን መንገድ መጀመሪያ ያመለከተችው በቤቱ የነበረች፣ ስሟ እንኳ ያልተጻፈላት አንዲት ታናሽ ብላቴና ናት። ይህች ብላቴና ከእስራኤል ምድር ተማርካ፣ ከወገኗ ተለይታ የንዕማንን ሚስት ታገለግል ነበር። ጌታዋ ሲታመም «የእጁን አገኘ» ብላ ደስ ሊላት ይችል ነበር፤ ነገር ግን አዘነችለት፤ በሰማርያ ወዳለው ነቢይ ወደ ኤልሳዕ ቢሄድ እንደሚድን ለእመቤቷ ነገረቻት።

ይህን ታሪክ በማስተዋል የሚያነብ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛው፣ የብላቴናይቱ የራሷ መከራ የሌላውን መከራ እንዳታይ ዓይኗን አልጋረደባትም። ሁለተኛው፣ ንዕማን በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ተጠምቆ ከነጻ በኋላ እርሷ ከምርኮ ወጥታ ወደ ሀገሯ መመለሷን መጽሐፍ አይናገርም። ለሌላው የፈውስን መንገድ አመለከተች፤ ስለ እርሷ ነጻነት ግን የተጻፈ ቃል የለም። ሃይማኖትን ከችግር ለመውጣት እንደሚከፈል ዋጋ አድርገን ለምንቆጥር ለእኛ ይህ የመጽሐፍ ዝምታ ታላቅ ትምህርት ነው።

ይህን ምዕራፍ እኛ ከመምህራን እግር ሥር ተቀምጠን ተምረነዋል፤ ብዙ ዘመንም በዐውደ ምሕረት ስናስተምረው ኖረናል። ምሥጢሩን በሕይወት ያየነው ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ከሚገኙት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ በሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። ያየነውን እንጽፋለን፤ ስንጽፍም የራሳችንን ስሕተት አንሰውርም፤ እኛ የሳትነውን ሌላው ካህንና ሌላው ወላጅ እንዳይስተው ነውና።

ልጅቱ ዕድሜዋ 11 ዓመት ነበር። እናቷ ከመንዝ ደጋ ይዛት መጣች። የነፍስ አባታቸው በሀገር ቤት ስለ ቀሩ፣ በእኛ አጥቢያ የሚኖረው አጎቷ «አባታችን፣ ሄደው ይባርኩልን» ብሎ ለመነን። መስቀላችንንና ጥቂት ጠበል ይዘን ሄድን። እግሮቿ አብጠው ነበር፤ ትንፋሿ ስለሚያጥራት በጀርባዋ መተኛት አትችልም፤ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ታድር ነበር።

ሐኪሙ የሕመሟን አመጣጥ አስረዳን። ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። በዓይን የማይታይ ተሕዋስ የሚያመጣው አንድ ዓይነት የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ሳይታከም ሲቀር፣ ይልቁንም ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚሆናቸው ልጆች ላይ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትኩሳትንና የመገጣጠሚያ እብጠትን ሊያስከትል ይችላል። በዚህ ጊዜ ሰውነት ተሕዋሱን ለመከላከል ያስነሣው ኃይል ተሳስቶ የገዛ ልቡን ይወጋል፤ ደም የሚያስገቡትንና የሚያስወጡትን የልብ በሮች ያቆስላል። የቆሰለው በር ሲጠግግ ይኮማተራል ወይም አልገጥም ይላል፤ ልብም ከኃይሉ በላይ ይደክማል። ልጅቱ በሀገር ቤት ጉሮሮዋን በታመመች ጊዜ ዘመዶቿ እንጥሏን አስቆርጠዋት ነበር። ይህ ልማድ ደም ከማፍሰስና ሌላ ቁስል ከመጨመር በቀር ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ጥቅም የለም።

እኛ በመንገድ ሳለን ስለ ኢዮብ ትዕግሥት ምን እንደምንነግራት ስናሰናዳ ነበር። ጸሎት አድርሰን መስቀል ካሳለምናት በኋላ ግን ለመናገር አፋችንን ሳንከፍት ልጅቱ ቀደመችን። «አባ፣ ያንንም ልጅ ይባርኩልኝ፤ እርሱን የሚጠይቀው የለም» ብላ ወደ ጎረቤት አልጋ አመለከተችን። በዚያ አልጋ ላይ ስድስት ዓመት ያህል የሆነው ወንድ ልጅ ተኝቶ ነበር። አባቱ ለሥራ ወደ ሩቅ ሀገር ሄዷል፤ እናቱም በቤት ጨቅላ ስላለባት በየቀኑ መምጣት አልቻለችም። እኛም ሄደን ባረክነው። ያሰናዳነው የኢዮብ ታሪክም በዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ስንሄድ የልጅቱን ሥራ እያየን መጣን። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥራ መልእክተ ዮሐንስ ጀምራ ነበርና፣ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ፊደል ጽፋ ያን ሕፃን ታስቆጥረው ነበር። ትንፋሽ ሲያጥራት ታርፋለች፤ ሲመለስላት ትቀጥላለች። ሕፃኑም እንደ እርሷ የፔኒሲሊን መርፌ የታዘዘለት ነበር። ይህ መርፌ አጥብቆ የሚያም ስለ ሆነ ነርሷን ገና በሩቅ ሲያያት ይጮኽ ነበር። ልጅቱ ግን ነርሷን «በእኔ ይጀመር፤ እርሱ አይቶ ይበርታ» አለቻት። እኛ አዋቂዎች ሕፃን ስናባብል «አያምም» ብለን እንዋሻለን፤ እርሷ አልዋሸችውም። «ያማል፤ ግን ያልፋል» አለችው። ከዚያ ወዲያ ሕፃኑ እያለቀሰም ቢሆን እጇን ይዞ ይወጋ ጀመር።

ወራቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ሐኪሙ ሰውነቷ እንዲጠነክር ወተትና እንቁላል አዘዘላት፤ እብጠቷ እንዳይብስም ጨው ከለከላት። ልጅቱ ጾም መግደፍ አስጨንቋት ጠየቀችን። ፍትሐ ነገሥታችን የታመመውን ሰው ከጾም ግዴታ ነጻ እንደሚያደርገው፣ ሐኪሙ ያዘዘላትን ብትበላ በደል እንደማይሆንባት ነገርናት። እርሷም «ታዲያ የእኔ ጾም ምን ይሁን?» አለችን። እኛም መምህራን እንደሚሉት የዓይንና የአንደበት ጾም እንዳለ ነግረናት ሄድን። በሌላው ሳምንት ስንመለስ እናቷ የሆነውን ነገረችን። ጨው የሌለበት ምግብ ለልጅ ምን ያህል እንደሚመር የቀመሰው ያውቀዋል፤ ልጅቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳታጉረመርም ትበላው ነበር፤ «ጾሜ ይኸው ነው» ትል ነበር። ጠያቂ የሚያመጣላትንም ወጥ በልጇ አልጋ ሥር መሬት ላይ ለምታድር ለአንዲት የባላገር አስታማሚ ታሰጥ ነበር። ጾምና ምጽዋት ተለያይተው እንደማይቆሙ ስንሰብክ ኖረናል፤ እርሷ ግን ማንም ሳይሰብክላት ሁለቱን አንድ አደረገቻቸው።

አሁን ስሕተታችንን እንናገር። አንድ ቀን ከልጅቱ ተሰናብተን ስንወጣ እናቲቱ በደጅ ተከትላን፣ «አባታችን፣ ይህ የመጣብኝ በምን ኃጢአቴ ነው?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ብዙ ሳናስብ፣ «ምናልባት ተስለሽ ያልፈጸምሽው ስእለት እንዳለ ራስሽን መርምሪ» አልናት። ቃሉ ቀላል መስሎን ወደ ቤታችን ሄድን። ለእርሷ ግን ድንጋይ ነበር። ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች፤ በማግሥቱም መድኃኒቱን አስትታ ልጇን ከሆስፒታል አውጥታ ወደ ጠበል ቦታ ልትወስዳት ቆረጠች። አጎትየው ይህን ሰምቶ መጥቶ ነገረንና ተከትለነው ሄድን።

ከአልጋው ስንደርስ ልጅቱ እናቷ ራቅ እስክትል ጠብቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችን፦ «አባ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እናቴ ሌሊት ስታለቅስ ሰማኋት። እኔ የታመምሁት በእርሷ አይደለም ብለው ይንገሩልኝ። እኔ ብነግራት ልጅ ናት ብላ አታምነኝም፤ እርስዎን ግን ታምናለች።»

በዚያች ሰዓት የተሰማንን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳነውም። በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው፣ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጌታን እንደ ጠየቁት፣ ጌታም የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ እንደ መለሰላቸው ስንት ጊዜ አስተምረናል! ደቀ መዛሙርት በጥያቄ ብቻ ያነሡትን ነገር እኛ መልስ አድርገን በአንዲት ምስኪን እናት ላይ ጫንነው። የእርሷን ልብ ያየችው ግን በትራስ ተደግፋ የምትተነፍሰው ልጅ ናት። እንደ ንዕማን ቤት ብላቴና፣ የራሷን መከራ ትታ የሌላውን አየች።

እናቲቱን ጠርተን፣ «ልጄ፣ የነገርንሽ ስሕተት ነው፤ የልጅሽ ሕመም የአንቺ ቅጣት አይደለም፤ ይቅር በዪን» አልናት። ካህን ሆኖ ምእመንን ይቅርታ መለመን ክብርን የሚቀንስ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል፤ የሚቀንሰው በስሕተት ላይ መጽናት ነው። ቀጥለንም ስለ ጠበሉና ስለ መድኃኒቱ አስረዳናት። በመጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ስለ ሆነ ብልህ ሰው እንደማይንቀው፣ የታመመ ሰው ጸሎቱን ሳይተው ለሐኪምም ስፍራ መስጠት እንዳለበት ተጽፏል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክም በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበሉን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ቢውጥ ሃይማኖቱን ካደ አይባልም፤ የሁለቱም ሰጪ አንድ ነውና። እናቲቱም ተጽናናች፤ ልጅቱም በሕክምናዋ ቆየች፤ እኛም በሄድን ቁጥር ጠበሉን ወደ አልጋዋ እናመጣላት ነበር።

ከትንሣኤ በኋላ እብጠቷ ጎድሎ ወደ አጎቷ ቤት ወጣች። የተጎዳው የልቧ በር የሚጠገነው ግን በቀዶ ሕክምና ነበር። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል እስኪከፈት ድረስ እንዲህ ያሉ ልጆች ወደ ውጭ ሀገር ካልተላኩ በቀር ተስፋቸው የመነመነ ነበር። ማዕከሉ ከተከፈተ በኋላም ተራ የሚጠብቁት ልጆች በሺህ ይቆጠሩ ነበር። እርሷም ተመዝግባ ትጠብቅ ጀመር። በጾመ ፍልሰታ፣ የሀገራችን ሕፃናት ሁሉ ነጠላቸውን አጣፍተው በሚቆርቡበት ሰሞን፣ አጎቷ አዝሏት ወደ ቤተ ክርስቲያን መጥታ ሥጋ ወደሙን ተቀበለች። ጾሙ ተፈትቶ ብዙ ሳይቆይ፣ ተራዋ ሳይደርስ ዐረፈች። ከማረፏ በፊት እናቷን የጠየቀቻት ነገር ያ ፊደል የተጻፈበት ካርቶን ለጎረቤቷ ሕፃን እንዲደርስለት ነው።

ለቅሶ ላይ አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣ «ሃይማኖቷ ቢጸና ኖሮ በዳነች ነበር» ሲል ሰማን። እንዲህ ያለው ቃል ከአፍ ለመውጣት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከመጽሐፍ ጋር አይስማማም። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ጸጋዬ ይበቃሃል የሚል መልስ ተሰጠው እንጂ አልተወገደለትም። ደቀ መዝሙሩ ጢሞቴዎስ ሆዱን ይታመም ነበር። ጥሮፊሞስንም ሐዋርያው በሚሊጢን ታሞ ሳለ ትቶት ሄዷል። እነዚህን ሃይማኖት የጎደላቸው ማን ይላቸዋል? ፈውስ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በሃይማኖት ሚዛን ተመዝኖ የሚከፈል ደመወዝ አይደለም። ስለዚህ የዚህችን ልጅ ሃይማኖት የምንለካው በመዳኗ ወይም ባለመዳኗ አይደለም፤ መዳኗ በእጇ አልነበረምና። በእጇ የነበረው ፍቅር ነው፤ እርሱንም ሳትሰስት ሰጠች።

ይህን የመሰለ ሃይማኖት በልጅ ልብ ማደሩ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጥር 15 ቀን የምናስበው ቅዱስ ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ የሚፈላውን የጋን ውኃ ድምፅ ሰምታ በፈራች ጊዜ ያበረታት እርሱ ነው። የሚያስደንቀው ሕፃኑ ሞትን አለመፍራቱ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ሰዓት የእናቱን ልብ ማሰቡ ነው።

በአህጉራችን በአፍሪካም በዘመናችን የታየ ምሳሌ አለ። ንኮሲ ጆንሰን የተባለው የደቡብ አፍሪካ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1989 ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ይዞ ተወለደ። በ1997 ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል በሕመሙ ምክንያት ክርክር ተነሣበት። በሐምሌ 2000 በደርባን ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ፣ 11 ዓመት ሆኖት በብዙ ሺህ ሰዎች ፊት ቆሞ ተናገረ። የተናገረው ስለ ራሱ ብቻ አልነበረም፤ ሕፃናት ሕመሙን ይዘው እንዳይወለዱ ለነፍሰ ጡር እናቶች መድኃኒት እንዲሰጣቸው ለመነ፤ ሕሙማንም እንደ ሰው እንዲታዩ ጠየቀ። እርሱ ከወላጅ እናቱ ተለይቶ ነበርና፣ ሌሎች የታመሙ እናቶች ከልጆቻቸው ሳይለዩ የሚኖሩበት ቤት እንዲከፈት ከአሳዳጊው ጋር ምክንያት ሆነ። በሰኔ 2001 በ12 ዓመቱ ዐረፈ። እርሱም ለራሱ ያልደረሰውን ለሌላው ለመነ።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ምን እንማር?

አንደኛ፣ ወደ ታመመ ሕፃን ስንሄድ ልንሰጥ ብቻ ሳይሆን ልንቀበልም እንሂድ። ሁልጊዜ የሚታዘንለት ሰው ለሌላ የሚሰጠው ነገር የሌለው እየመሰለው ልቡ ይሰበራል። ሕፃኑ «ለእገሌ ጸልዩለት፣ ይህን ለእገሊት ስጡልኝ» ሲል፣ «አንተ ለራስህ አስብ» ብለን አንከልክለው። ምጽዋቱ ነውና እንቀበለው። ነገር ግን ደግ እንዲሆን፣ እንዳያለቅስ፣ እንደ ትልቅ ሰው እንዲታገሥ ልናስገድደው አይገባም። ያቺ ልጅም ታለቅስባቸው የነበሩ ሌሊቶች ነበሯት፤ እናቷ ነግራናለች። የልጅ እንባ የሃይማኖት ጉድለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ በሕሙም ደጅ ቆመን የኃጢአት ምርመራ አንክፈት። ንስሐ የሚሻ ሰው ቢመጣ ካህን ይቀበለዋል፤ ነገር ግን የልጅን ሕመም በወላጅ ላይ መደረብ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ይህን ከሁሉ በፊት ለራሳችንና ለካህናት ወንድሞቻችን እንናገራለን። ካህኑ በያዕቆብ መልእክት እንደ ታዘዘው ይጸልይ፣ ዘይት ይቀባ፣ ያጽናና።

ሦስተኛ፣ ወላጆች ሆይ፣ የልጆቻችሁን ጉሮሮ ሕመም አትናቁ፤ እንጥል ወደሚቆርጥም አትውሰዷቸው። ጉሮሮውን የታመመ፣ የሚያተኩሰው፣ ይልቁንም ከዚያ በኋላ ጉልበቱን ወይም ቁርጭምጭሚቱን ያበጠ ልጅ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሕመሙ ልቡን ነክቶት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌ የታዘዘለት ልጅም «ድኗል» ተብሎ መርፌው እንዳይቋረጥበት። መርፌው ለዓመታት የሚዘልቅ መሆኑ ያታክታል፤ ጥበቃው ግን በዚያ ነው። ልጁን ጠበል እያስጠመቃችሁ ቀጠሮውንም አክብሩ።

አራተኛ፣ ጤነኞች ልጆቻችሁን የታመመ ባልንጀራቸውን እንዲጠይቁ አስተምሯቸው። ሐኪሙ ከፈቀደ ይዛችኋቸው ሂዱ። ጌታችን በፍርድ ቀን ታምሜ ጠይቃችሁኛል ወይስ አልጠየቃችሁኝም ብሎ የሚጠይቀው ትልልቆቹን ብቻ አይደለምና።

ካርቶኑን ለሕፃኑ ያደረስነው እኛ ነን። ባለፈው ጊዜ እናቱን በቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘናት፤ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ በየወሩም መርፌውን ይወጋል። በመርፌው ቀን አንድ ታናሽ ልጅ ሲያለቅስ አይቶ፣ «ያማል፤ ግን ያልፋል» ብሎ እጁን እንደ ያዘው ነገረችን። የሕፃናትን ምስጋና የሚቀበል አምላክ የዚያችን ልጅ ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ በየሆስፒታሉና በየቤቱ በሕመም ያሉትን ሕፃናት ይማርልን፤ እኛንም ከእነርሱ ለመማር የሚችል ልብ ይስጠን።